አንድ ገጽ በልዩ ልዩ ማሰሻዎች፦ የቤንችኛና የመኢኒትኛ ፊደላት በድረ ገጽ አቀማመጥ ውስጥ

መግቢያ

አንድ የድረ ገጽ አዘጋጅ ሥራውን በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር ፈትሾ ሲጨርስ ገጹ እንዳለቀ ማመኑ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ድረ ገጽ እንደ ታተመ መጽሐፍ በአንድ መልክ ረግቶ ለአንባቢ የሚደርስ ሥራ አይደለም። አዘጋጁ የሚልከው ጽሑፉንና ጽሑፉ የሚደረደርበትን መመሪያ ብቻ ነው፤ በዚያ መመሪያ መሠረት ገጹን የሚያቆመው በአንባቢው እጅ ያለው ማሰሻ፣ በተለምዶ አጠራሩ ብራውዘር ነው። በመሆኑም ማሰሻው፣ ስልኩ ወይም በስልኩ ውስጥ ያለው ፎንት በተለወጠ ቁጥር የገጹ አቀማመጥም ይለወጣል።

በቀድሞው የቤንች ማጂ ዞን፣ በዛሬዎቹ የቤንች ሸኮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ለሚነገሩ ቋንቋዎች ይህ ጉዳይ ከመልክ ያለፈ ክብደት አለው። ቤንችኛና መኢኒትኛ በኢትዮጵያ ፊደል ሲጻፉ አማርኛ የማይጠቀምባቸውን ተጨማሪ ፊደላት ይሻሉ። እነዚህ ፊደላት በአንዱ ስልክ በትክክል ሲነበቡ በሌላው ባዶ ሳጥን ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን መነሻ ካብራራ በኋላ፣ የገጽ አቀማመጥን ወጥ የማድረግ ሥራ ከፊደሉ መጀመር ያለበት ለምን እንደሆነ፣ መፍትሔዎቹ በምን ቅደም ተከተል መወሰድ እንዳለባቸውና ገደባቸው የት ላይ እንደሆነ ያሳያል።

የማሰሻዎች አለመጣጣም አጭር ታሪክ

በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኔትስኬፕና የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ለገበያ ሲፎካከሩ እያንዳንዱ የራሱን ደንብ ይከተል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ የሳጥን ስፋት ስሌት ነው። የሲ.ኤስ.ኤስ. መስፈርት ለአንድ ሳጥን የተሰጠው ስፋት የይዘቱ ስፋት እንደሆነ፣ ውስጣዊ ክፍተቱና ጠርዙም በዚያ ላይ እንደሚደመሩ ይደነግጋል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ክፍተቱንና ጠርዙን ከተሰጠው ስፋት ውስጥ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ 200 ፒክስል ስፋት፣ በግራና በቀኝ 20 ፒክስል ክፍተትና 5 ፒክስል ጠርዝ የተሰጠው ሳጥን በመስፈርቱ 250፣ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ደግሞ 200 ፒክስል ይይዝ ነበር። ጎን ለጎን እንዲቆሙ የታሰቡ ሁለት ሳጥኖች በአንዱ ማሰሻ ሲገጥሙ በሌላው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሥር ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የድረ ገጽ መስፈርቶች እንዲከበሩ የሚጠይቅ የባለሙያዎች ንቅናቄ ተመሠረተ። በ2005 ደግሞ አሲድ 2 የተባለው ፈተና የማሰሻዎችን ጉድለት በግልጽ ምስል ማሳየት ጀመረ። የኋላ ኋላ መስፈርቱ ራሱ ሁለቱንም የሳጥን ስሌቶች ተቀብሎ ምርጫውን ለአዘጋጁ ትቷል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው የማሰሻ ሞተሮች ሦስት ናቸው፦ ክሮም፣ ኤጅና ኦፔራ የሚጠቀሙበት ብሊንክ፣ የፋየርፎክሱ ጌኮ እና የሳፋሪው ዌብኪት። የሦስቱ አምራቾች ከ2022 ጀምሮ ኢንተሮፕ በተባለው የጋራ ሥራ ሞተሮቻቸውን በአንድ ፈተና ይለካሉ። በዚህ ምክንያት በሳጥንና በዓምድ ስሌት ረገድ የነበረው ልዩነት በእጅጉ ጠብቧል።

የቀረው ልዩነት በአመዛኙ ከሞተሩ ውጭ የሚገኝ ነው። አንደኛው መሣሪያው የያዘው ፎንት ነው፤ ሁለተኛው ገጹን በአንባቢው ስልክ ላይ ሳይሆን በሩቅ ሰርቨር የሚያቀናብሩ ማሰሻዎች ናቸው። ሁለቱም የኢትዮጵያን ፊደል በቀጥታ ይነካሉ።

ፊደላቱ በዩኒኮድ ውስጥ ያላቸው ስፍራ

የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒውተር መጻፍ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር አሰጣጥ ይከተል ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ይህን ችግር በመሠረቱ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ በዚህ እትም የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ይሁንና በዚያ የተካተቱት በዋናነት ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች የሚገለገሉባቸው ነበሩ።

የደቡብ ምዕራብ ቋንቋዎች ተራ የደረሰው በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ነው። በዚህ እትም «የኢትዮጵያ ፊደል ቅጥያ» ሊባል የሚችል የ79 ፊደላት ክፍል ተጨመረ። ከ79ኙ 19ኙ ለመኢኒትኛ፣ 28ቱ ለቤንችኛ፣ 4ቱ ለብሊንኛ፣ 28ቱ ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ የተመደቡ ናቸው። የቤንችኛዎቹ ⶠ፣ ⶨ፣ ⶰ እና ⶸ የሚመሯቸው አራት ቤተሰቦች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሰባት ሆሄያት አሏቸው። የሚወክሉትም ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገሩ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከሸ፣ ከቸ፣ ከዠ እና ከጨ ጋር የሚቀራረቡ ተነባቢዎችን ነው። የመኢኒትኛዎቹ ደግሞ እንደ ⶀ እና ⶁ ያሉ፣ ከሰባቱ የተለመዱ ሆሄያት ውጭ ለሆነ አናባቢ የተቀረጹ ፊደላት ናቸው።

የቤንችኛ አዲስ ኪዳን በኢትዮጵያ ፊደል የታተመ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቋንቋው በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ተወስዷል። የአጻጻፍ ሥርዓት ምርጫ ብዙ ምክንያቶች ያሉት ጉዳይ በመሆኑ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፉት የቀድሞ ሥራዎች ወደ ድረ ገጽ እንዲገቡ፣ መኢኒትኛም በዚሁ ፊደል በስልክ እንዲነበብ ከተፈለገ የ47ቱ ፊደላት መታየት ቅድመ ሁኔታ ነው። ፊደሉ ባልታየ ጊዜ ጸሐፊው የሚወስደው ቀላል መንገድ ⶠን በሸ መተካት ነው። ቤንችኛ ግን በሰ፣ በሸ እና በⶠ ድምፆች መካከል ልዩነት ያደርጋል፤ ተተኪው ፊደል ይህን ልዩነት ያጠፋል፤ ቃሉንም በመፈለጊያ እንዳይገኝ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የአንድ ስልክ ጉድለት የቋንቋው አጻጻፍ ጉድለት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ማሰሻ ፎንትን የሚመርጥበት መንገድ

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል እንጂ ቅርጽ አይሰጥም፤ ቅርጹ የሚመጣው ከፎንት ነው። ማሰሻው አንድን ፊደል ለማሳየት በመጀመሪያ በአዘጋጁ የተጠቀሱትን ፎንቶች በተራ ይመለከታል። በእነርሱ ውስጥ ካጣው በመሣሪያው ላይ ያሉትን ሌሎች ፎንቶች ይፈልጋል። በየትኛውም ካላገኘው ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል።

ይህ ፍለጋ የሚካሄደው በገጽ ወይም በቃል ደረጃ ሳይሆን በፊደል ደረጃ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በአንድ የቤንችኛ ቃል ውስጥ ያሉት የተለመዱ ፊደላት ከአንድ ፎንት፣ በመካከላቸው ያለችው ⶨ ደግሞ ከሌላ ፎንት ልትመጣ ትችላለች። ያን ጊዜ ቃሉ ይነበባል፤ ዳሩ ግን አንዷ ፊደል ከጎረቤቶቿ ትወፍራለች ወይም ትቀጥናለች፣ ከመስመሩም ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች።

መሣሪያዎች ለኢትዮጵያ ፊደል የያዙት ፎንትም የተለያየ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማም የኢትዮጵያን ፊደል አካቷል። በአፕል ኮምፒውተሮች ከፋ የተባለ ፎንት አለ። ቀደም ባሉ የአንድሮይድ ስሪቶች ድሮይድ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በኋለኞቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይገኛል። አንድ ስልክ «አማርኛ ይችላል» መባሉ እነዚያን 47 ፊደላት ይይዛል ለማለት አያበቃም። አማርኛን ብቻ የሚፈትን አዘጋጅ ይህን ክፍተት ሊያየው አይችልም።

የፊደል መለወጥ አቀማመጥን የሚያናጋበት መንገድ

ማሰሻ የመስመርን ርዝመትና የሳጥንን ቁመት የሚያሰላው በፊደላቱ ስፋትና ቁመት ነው። ፎንቱ ሲለወጥ ስሌቱ ከሥሩ ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በሚዛን ቴፈሪና በቴፒ ዙሪያ ላሉ ቡና አምራቾች የተዘጋጀ አንድ የታሰበ የዋጋ ገጽ ይወሰድ። በግራ ዓምድ «ቀይ እሸት ቡና»፣ «ጀንፈል ቡና»፣ «የታጠበ ቡና» የሚሉ ስሞች ከቤንችኛና ከመኢኒትኛ ትርጉማቸው ጋር ተዘርዝረዋል፤ በቀኝ ዓምድ የየአንዳንዱ ዋጋ ሰፍሯል። አዘጋጁ ሁለቱን ዓምዶች እንደ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ሠርቶ፣ በዓይኑ አመጣጥኖ ጎን ለጎን አቁሟቸዋል እንበል። በእርሱ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ስለሚይዝ ስሙና ዋጋው ይገጥማሉ።

ፎንቱ ሰፋ ባለበት ስልክ ግን የመጀመሪያው ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ይሻገራል። የግራው ዝርዝር በአንድ መስመር ዝቅ ሲል የቀኙ ባለበት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የጀንፈሉ ዋጋ ከእሸቱ ስም አጠገብ ይቆማል። ገጹ አልተሰበረም፤ ባዶ ሳጥንም አይታይም፤ ነገር ግን የተሳሳተ ነገር ይናገራል። ስምና ዋጋ በአንድ ረድፍ የሚያያዙበት እውነተኛ ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ ሦስት መስመር ቢይዝ እንኳ ዋጋው ከረድፉ አይለይም ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በይዘት መካከል ያለ ዝምድና በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. መዋቅር መገለጽ እንዳለበትና በዓይን ልኬት ላይ መደገፍ እንደሌለበት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመስመር ቁመት ነው። አዘጋጁ ቁመቱን ካልወሰነ ማሰሻው ከፎንቱ ልኬት በመነሣት ራሱ ይወስናል። በአንድ መስመር ውስጥ ሁለት ፎንቶች ሲቀላቀሉ ያ መስመር ከሌሎቹ ይረዝማል፤ አንቀጹም እኩል ያልሆነ ርቀት ያላቸው መስመሮች ስብስብ ይሆናል። ቁመቱን ያለ መለኪያ አሃድ፣ ለምሳሌ የፊደሉን መጠን 1.6 እጥፍ በማድረግ መወሰን ይህን ልዩነት በአብዛኛው ያስወግዳል።

ሦስተኛው የመስመር መሻገሪያ ነው። በባዶ ቦታ የሚለይ ጽሑፍ በየትም ማሰሻ በቃላት መካከል ይሻገራል። በሁለት ነጥብ (፡) የሚለይ ጽሑፍ ግን የተለየ ደንብ ይጠይቃል። የዩኒኮድ ደንብ መስመር ከሁለት ነጥቡ በኋላ እንዲሻገር ይፈቅዳል፤ የሲ.ኤስ.ኤስ. መስፈርትም ሁለት ነጥብን ከቃል መለያ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቀደምት የሕትመት ሥራዎችን ወደ ድረ ገጽ የሚያስገባ ሰው ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ሳይጨምር ጽሑፉን በየማሰሻው መፈተሽ ይኖርበታል። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ጥምረት፣ በምሕጻሩ ደብሊው.ሦስት.ሲ.፣ እንዲህ ያሉትን ደንቦች የሚያሰባስብ የኢትዮጵያ ፊደል አቀማመጥ መስፈርት ረቂቅ አለው።

መፍትሔዎቹና ገደባቸው

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው። ገጹ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 መቀመጡ በግልጽ ይነገር፤ የየክፍሉም ቋንቋ ይገለጽ። ለአማርኛ፣ ለቤንችኛና ለመኢኒትኛ የተመደቡ ዓለም አቀፍ የቋንቋ ምልክቶች ስላሉ ሦስቱን በአንድ ገጽ ለይቶ ማመልከት ይቻላል። ይህም ለየቋንቋው የተለየ ፎንትና የተለየ የመስመር ቁመት ለመስጠት በር ይከፍታል።

ሁለተኛው እርምጃ ፎንቱን ከገጹ ጋር መላክ ነው። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የቅጥያውን ፊደላት የሚያካትቱ፣ በነጻ ፈቃድ የሚሠራጩ ፎንቶች ናቸው። ሙሉ ፎንት መላክ ኔትወርክ በሚዘገይበትና ዳታ ውድ በሆነበት አካባቢ ሸክም ስለሆነ፣ ፎንቱን ከፍሎ 47ቱን ፊደላት በአንድ ትንሽ ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። በሲ.ኤስ.ኤስ. ፋይሉ የሚያገለግላቸው የፊደላት ክልል ሲጠቀስ፣ ማሰሻው ገጹ እነዚያን ፊደላት ካልያዘ ፋይሉን አያወርድም። በዚህ ረገድ ኖቶን መምረጥ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በኋለኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች መደበኛው የኢትዮጵያ ፊደል ራሱ ኖቶ ስለሆነ፣ የተላኩት ፊደላት ከስልኩ ፊደላት ጋር ይመሳሰላሉ።

ፎንቱ እስኪደርስ ድረስ ጽሑፉ በመሣሪያው ፎንት እንዲታይ ማድረግ ይገባል፤ አለበለዚያ አንባቢው ባዶ ገጽ ይጠብቃል። የዚህ ዋጋ ፎንቱ ሲደርስ መስመሮች በአንባቢው ዓይን ፊት መንሸራተታቸው ነው። ጊዜያዊውን ፎንት ከሚመጣው ጋር በመጠን የሚያቀራርቡ አዳዲስ የሲ.ኤስ.ኤስ. መመሪያዎች ቢኖሩም ሁሉም ሞተሮች በእኩል አይቀበሏቸውም።

የሁለተኛው እርምጃ ትልቁ ገደብ ኦፔራ ሚኒ ነው። ይህ ማሰሻ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን በራሱ ሰርቨር አቀናብሮና ጨምቆ ወደ ስልኩ ይልካል። የዳታ ወጪን ስለሚቀንስ ተፈላጊ ነው፤ ከገጹ ጋር የተላከ ፎንትን ግን አይቀበልም፤ ግሪድ የተባለውንም የአቀማመጥ ስልት አያውቅም። ስለዚህ መፍትሔው ይበልጥ የሚያስፈልገው አንባቢ መፍትሔው የማይደርሰው አንባቢ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ሦስተኛው እርምጃ ገጹን ከታች ወደ ላይ መገንባት ነው። መሠረቱ ያለ ምንም ፎንትና ያለ ምንም የዓምድ ስልት ከላይ ወደ ታች በትክክል የሚነበብ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ይሁን። ፍሌክስቦክስን ኦፔራ ሚኒም ስለሚቀበለው ለቀላል ዓምዶች ይበቃል፤ ግሪድ ደግሞ ማሰሻው ስልቱን ያውቅ እንደሆነ ከተጠየቀ በኋላ ብቻ ይጨመር። የማሰሻውን ስም አይቶ መወሰን አይመከርም፤ ስም ያታልላል፣ ስሪትም ይለወጣል። የግድ መታየት ላለባቸው ጥቂት የቤንችኛና የመኢኒትኛ ርእሶች ምስልን ከአማራጭ ጽሑፍ ጋር መጠቀም፣ ለረጅም ጽሑፍም ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒ.ዲ.ኤፍ. ማያያዝ ይቻላል። ሁለቱም ጉድለት አላቸው፦ በምስል የተቀረጸ ቃል በመፈለጊያ አይገኝም፤ ፒ.ዲ.ኤፍ.ም ለጠባብ ስክሪን አይመችም። ስለዚህ የመጨረሻ አማራጮች ሆነው ይቆዩ።

ምን ይፈተሽ?

የተለመደው የፍተሻ ዘዴ የሁለት ማሰሻዎችን ምስል ደራርቦ የፒክስል ልዩነት መቁጠር ነው። ለዚህ ዓላማ ግን ዘዴው በሁለት በኩል ያሳስታል። የፊደል ውፍረት ጥቂት ሲለይ ስሕተት አለ ይላል፤ የጀንፈሉ ዋጋ ከእሸቱ ጎን ሲቆም ደግሞ ከሌላው ልዩነት ለይቶ አያመለክትም። ስለሆነም ልዩነቶችን አስቀድሞ በሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

የሚፈቀዱ ልዩነቶች የንባቡን ትርጉም የማይነኩ ናቸው፦ የፊደል ውፍረት፣ መስመሩ የሚሻገርበት ቃል፣ የዓምዶች ብዛት፣ በግዕዝ ቁጥር (፩፣ ፪፣ ፫) እንዲቆጠር የታዘዘ ዝርዝር ስልቱን በማያውቅ ማሰሻ በ1፣ 2፣ 3 መታየቱ። የማይፈቀዱት ደግሞ ሦስት ናቸው፦ የጠፋ ፊደል፣ የተናጋ የንባብ ቅደም ተከተል፣ ከባለቤቱ የተለየ ቁጥር ወይም ስም።

ለፍተሻው የሚያገለግለው ገጽ 47ቱን ፊደላት በተናጠልና በቃል ውስጥ፣ በሁለት ነጥብ የተለየ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ረጅም ስሞችን የያዘ ሠንጠረዥና አንድ የግዕዝ ቁጥር ዝርዝር ይያዝ። ገጹ በሦስቱ ሞተሮች፣ በኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ ቁጠባና ቢያንስ በአንድ የቆየ አንድሮይድ ስልክ ይከፈት። ከዚያም ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ይደረግ። አንባቢው የሚደናቀፍበት ቦታ የገጹ ጉድለት ያለበት ቦታ ነው፤ ይህን ሊተካ የሚችል መሣሪያ የለም።

ማጠቃለያ

የማሰሻ ሞተሮች ባለፉት ሃያ ዓመታት በሳጥንና በዓምድ ስሌት ተቀራርበዋል። ለቤንችኛና ለመኢኒትኛ ያልተዘጋው ክፍተት የሚገኘው በፎንትና ገጹን በሩቅ በሚያቀናብሩ ማሰሻዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለፊደላቱ ቁጥር መሰጠቱ መንገዱን ከፈተ እንጂ ፊደላቱን በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አላደረሰም። ቀሪው ሥራ በገጹ አዘጋጅ እጅ ነው፦ ዝምድናን በመዋቅር መግለጽ፣ አነስተኛ ፎንት መላክ፣ ፎንቱ ባይደርስም የሚቆም መሠረት መጣል። ለክልሉ ተቋማት ገጽ የሚያዘጋጁ የዘርፉ ተማሪዎች አማርኛውን ብቻ ፈትሸው ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት እነዚያን 47 ፊደላት በአንድ የቆየ ስልክ ላይ ከፍተው ቢመለከቱ፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ለእነርሱ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።